አንጎለላ የተወለዱት ንጉሥና የመጀመሪያዋ መኪና

መኪና መንዳት የተማርኩት በ58 ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወድጄ ግን አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነበር። መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎ የአይሱዙ ሹፌር፣ በመጨረሻ ደግሞ የአንዲት አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ባለቤት ሆነ። መንዝንና ግሼን፣ የመርሐቤቴን ቁልቁለትና የጃማን ሸለቆ እንደ ግቢው ያውቃቸዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰነፈ። ቀኝ እጁ ደህና ነው፤ ቀኝ እግሩም ደህና ነው፤ ዓይኑና ጆሮው እንደ ድሯቸው ናቸው። ነገር ግን ፒካፗ ማኑዋል ናት፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው ደግሞ በግራ እግር ነው። አንድ እግር ብቻ እምቢ ስላለ የሠላሳ ዓመት ሙያ ግቢ ውስጥ ቆመ።

መኪናዋን ልንሸጣት አሰብን። ወንድም ጋሼ ግን አልፈቀደም። እኔ ተምሬ እንድነዳት፣ እሱም ጎኔ ተቀምጦ እንዲያይ ወሰነ። ትምህርቱን ደብረ ብርሃን ጨርሼ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። እውነተኛው ትምህርት የተጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ ጣርማ በር የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ቀጥ ብሎ የሄደ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ወደ ግራ የታጠፈ ደግሞ የደጋውን ጀርባ ይዞ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ይዘልቃል። እኔ እዚያው ዳገት ላይ፣ ጭጋጉ መስታወቱን በሸፈነበት ማለዳ፣ ሞተር አጠፋሁ። ከኋላዬ አንድ የተጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁትና መኪናዋ ዘላ ቀጥ አለች። ደግሜ አስነሣሁ፤ ደግማ ጠፋች። ሦስተኛው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ላብ አጠመቀኝ። እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ ባሰብኝ።

ወንድም ጋሼ በቀኝ እጁ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናዋን አቆማት። ከዚያም በዚያ በተሳሰረ ምላሱ፣ ምኒልክ እንኳን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ከ60 ዓመታቸው በኋላ ተምረዋል፤ አንተ ማን ነህና ታፍራለህ አለኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤቴ ስገባ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አወረድኩ። የአድዋውን ምኒልክ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እኔ የፈለግሁት የመኪናውን፣ ጀማሪውን ምኒልክ ነበር።

ልጁ ክርስትና ሲነሡ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። አንጎለላ የምትገኘው ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ ጫጫ አጠገብ ነው፤ ስንቶቻችን ሳናያት በመስኮት አልፈናታል። አያታቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። የቤተሰቡ ሥር ግን መንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከመንዝ የተነሡት ነጋሲ ክርስቶስ የሸዋን ገዥ ቤት መሠረቱ። ልጅ የልጅ ልጆቻቸው ከዚያ ብርዳም አምባ ቀስ በቀስ ወደ ይፋትና ወደ ተጉለት ወረዱ፤ አንኮበርን ከተማቸው አደረጉ፤ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ አንጎለላን ጨመሩበት። እኛ የመንዝ ሰዎች ምኒልክን ዘመዳችን ናቸው የምንለው በዚህ ነው። ዘመድ ማብዛት እንወዳለን፤ ይህኛው ግን እውነት አለው።

ልጅነታቸው የተደላደለ አልነበረም። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ ሲመጡ አባታቸው ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ልጁ ገና 11 ዓመታቸው ነበር። ተማርከው ሄዱና ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ዕድሜያቸውን በቴዎድሮስ እጅ አሳለፉ፤ የኋላ ኋላም መቅደላ ተቀመጡ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ግን ምርኮ ምርኮ ነው። ሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ገቡ። በሌሉበት ሸዋን ይገዛ የነበረውን በዛብህን አሸንፈው በ21 ዓመታቸው የአያታቸውን ወንበር ያዙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪካቸውን ሳነብ ሹፌር ወንድሜ ስለ ማርሽ የሚነግረኝ ነገር እየመጣብኝ ተቸገርኩ። ወንድም ጋሼ ጥሩ ሹፌር የሚታወቀው ማርሽ ሲጨምር ሳይሆን ሲቀንስ ነው ይላል። ዳገቱ ከመኪናዋ ጉልበት በላይ ሲሆን፣ ሞተሩ ከመንገዳገዱ በፊት፣ ወደ ታችኛው ማርሽ መመለስ ያስፈልጋል። እልኸኛ ሹፌር በሦስተኛ እወጣዋለሁ ብሎ ይገትራል፤ ሞተሩ ይጠፋበታል፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ይመጣል።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ሲመጡ ምኒልክ የገጠማቸው እንዲህ ያለ ዳገት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብለው ነበር፤ ጦርም አልጎደላቸው። ግን መዋጋቱን ተዉትና መጋቢት ላይ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ልቼ ለእርቅ ቀረቡ። በዘመኑ ልማድ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ። ንጉሠ ነገሥትነቱን ትተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸና። ብዙ መኳንንት ይህን ከሚያደርጉ ሞትን ይመርጡ ነበር። እሳቸው 11 ዓመት ጠበቁ። ዮሐንስ መተማ ላይ ካረፉ በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። የልቼው እፍረት አልገደላቸውም ማለት ነው። ይህን ስጽፍ በጣርማ በር ዳገት ላይ የነፋብኝን ጡሩምባ አስታወስኩና በራሴ ፈገግ አልኩ።

ወደ መኪናው እንቅረብ። ምኒልክ የእጅ ሥራና የማሽን ነገር ሲያዩ የማይጠግቡ ሰው እንደነበሩ ያዩዋቸው ሁሉ ተስማምተው ጽፈዋል። ጠመንጃ ይፈታሉ፤ ሰዓት ይከፍታሉ፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ምን እንደሆነ ከመጠየቅ አልፈው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሸዋ ሲደርስ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ አዝዘው ሙያውን እንደፈተኑት ይነገራል። ኢልግ ፈተናውን አለፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብሯቸው ቆየ፤ ለቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ፤ የባቡሩ ሐዲድ ውልም በ1886 ዓ.ም. ለእሱ ተሰጠ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባለው የአርመን ነጋዴም በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ማሽን አምጥቶ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው የሰርኪስ ባቡር እያለ ብዙ አወራለት።

እንግዲህ መኪና የምንላት፣ በቤንዚን የምትሄደው ነገር የመጣችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣት ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ስሙን አይቶ የዛሬውን ውድ ቤንትሌይ አውቶሞቢል የሚያስብ አንባቢ ይኖራል፤ ያ ኩባንያ የተቋቋመው ከዚያ ዐሥር ዓመት አልፎ ነው። የዚህኛው መኪና ሲድሌይ ትባላለች፤ 18 የፈረስ ጉልበት ተብሎላታል። ቤንትሌይ ከባልንጀራውና ከአንድ ቡልዶግ ውሻው ጋር ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ የሚባል በሌለበት በረሃውንና ተራራውን ለወራት ታግሎ አዲስ አበባ ገባ። መኪናዋ በራሷ ጉልበት ያልወጣችውን ሰው እየጎተተ አወጣት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል የአገሩን መኪና ይዞ ተከተለ። ሁለቱም ለንጉሠ ነገሥቱ ማሳየትና ማስረከብ ፈልገው ነበር፤ የአውሮፓ መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩበት ዘመን ነበርና።

ምኒልክ ያን ጊዜ 63 ዓመታቸው ነው። መኪናዋን አዩ፤ ተሳፈሩ፤ እጅግም ደስ አላቸው። ከዚያም አልፈው መሪውን ራሳቸው ጨብጠው መንዳት እንደተማሩ ብዙዎች ጽፈውታል፤ ወንድም ጋሼም ከእነዚያው ከአንዱ የሰማው ነው። በዛሬ ዓይን ይህ ቀላል ይመስላል። አውቶማቲክ መኪና የለመደ ወጣት፣ ንጉሡ ቁልፍ አዙረው ነዳጅ ረግጠው የሄዱ ይመስለዋል። ኧረ የት! እስቲ የዚያን ዘመን መኪና እንዴት ይነዳ እንደነበር ላስረዳ።

በመጀመሪያ ቁልፍ የለም። ሞተር በኤሌክትሪክ የማስነሣት ዘዴ በፋብሪካ መኪና ላይ የመጣው በፈረንጆች 1912 በአሜሪካው ካዲላክ ነው። ከዚያ በፊት ፊት ለፊት ቆሞ በማኖቬላ ማዞር ነው። የእሳቱ ጊዜ በትክክል ካልተስተካከለ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመታል፤ ክንድ ይሰብራል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጋር የኖረ የአገራችን ሹፌር ይህን ያውቀዋል፤ ወንድም ጋሼም ረዳት ሳለ የቀመሳት ናት።

ሁለተኛው ካምቢዮው ነው። የዛሬ ማኑዋል መኪና ካምቢዮ ውስጥ ጥርሶቹን ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት አለው። እኛ ፍሪሲዮን ረግጠን እጀታውን ስንገፋ ዝም ብሎ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ነገር የተሠራው በፈረንጆች 1928 ነው፤ ምኒልክ ካረፉ 15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሳቸው ጊዜ የነበረው ካምቢዮ ጥርስና ጥርስ በቀጥታ የሚላተሙበት ነበር። ማርሽ ለመቀነስ የፈለገ ሹፌር ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ማርሹን ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ያስጮኻል፤ እንደገና ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ከዚያ ያስገባል። ይህ ሁሉ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ያልቃል። ጊዜውን ከሳተው ብረት ብረትን ሲፈጭ ይሰማል፤ ዙሪያውን ያለ ሰው ሁሉ ሹፌሩ እንዳልቻለ ይሰማል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ተደብቆ መሳሳት የለም።

ሦስተኛው አየሩ ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። 3,000 ሜትር ላይ፣ ማለትም በመንዝ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ይጎድላል፤ አዲስ አበባም ላይ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድላል። ስለዚህ ያቺ የ18 ፈረስ መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ ከ14 ፈረስ ብዙም አትበልጥም ነበር። መንገዱ ደግሞ ጭቃና ኮረኮንች፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከአእላፍ ፈረሰኛ ጋር አድዋ ለዘመተ ንጉሥ 14 ፈረስ ምንድን ነው? ቢሆንም እነዚህ 14 ፈረሶች የሚታዘዙት በእግር ጣትና በጆሮ ነው።

በእኔ ግምት ግን ለምኒልክ ትልቁ ፈተና ካምቢዮው አልነበረም። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ በበቅሎና በፈረስ የኖሩ ሰው ናቸው። በቅሎ ገደሉን ራሷ ታያለች፤ ዳገቱ ሲበረታ ራሷ ትዘገያለች፤ ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ ቤቷን ታውቃለች። መኪና ይህን ሁሉ አታውቅም። ልጓም ቢስቡባት አትቆምም፤ ቢቆጧትም አትሰማም። ለንጉሥም ለእረኛም አንድ ናት። ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጊዜ ያደረገላትን ብቻ ትታዘዛለች። ፊታቸው ሰው ሁሉ ለሚሰግድላቸው ንጉሠ ነገሥት እንዲህ ያለ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አስተማሪም አለ። ንጉሥን የሚያስተምር ሰው ምን ብሎ ያዝዛል? ፍሬን ያዙ ቢል ትእዛዝ ነው። ተሳሳቱ ቢል ድፍረት ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሁለቱም ገደል ይገባሉ። መኪና ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ሰው ማዕርግ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከወንድም ጋሼ ነው። እኔ ወግ ያለኝ፣ ሰው ጋሼ ብሎ የሚጠራኝ፣ ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እሱ ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን ጭኔ ላይ አጥብቆ ይመታኛል። ማርሽ ቀንስ ማለቱ ነው። ካልቀነስኩ ደግሞ ይደግመኛል። የሚማር ሰው ሌላ ሰው እንዲያርመው መፍቀድ አለበት። ምኒልክ ከኢልግ ጀምሮ ከብዙ ባለሙያ ጋር የኖሩት ይህን ስለሚችሉ ይመስለኛል። በክፉ ቀን፣ በሬው ሁሉ ባለቀበት ዘመን፣ ሕዝቡ በእጁ እንዲቆፍር ለማደፋፈር ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ሜዳ እንደወጡ ይነገራል። ሥራ ያዋርደኛል የሚሉ ሰው አልነበሩም።

እዚህ ላይ ግን ማመስገን ብቻ ጥሩ አይደለም። ምኒልክ በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ትዝታ የላቸውም። መንዝና አንኮበር እምዬ ብለው ሲጠሯቸው፣ በደቡብና በምሥራቅ፣ በአርሲም ሆነ በወላይታ፣ ዘመቻቸው ያደረሰውን ጉዳት ከአያቶቹ የሰማ ሰው ስማቸው ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ስልኩና ስለ መኪናው ብቻ ማውራት ግማሽ ታሪክ መሸፈን ነው። መኪናዋ ቤተ መንግሥት ስትገባም ገበሬው ገባሩ ገበሬ ነበር። ለአንጎለላና ለመንዝ እንኳ ቢሆን የመኪና መንገድ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዋናውን የጣርማ በር መንገድ ወራሪ ነው የጠረገው። ንጉሡ መንዳት ተማሩ ማለት አገር መንዳት ተማረ ማለት አልነበረም።

ይህንን ራሳቸውም ያወቁት ይመስለኛል። 1900 ዓ.ም. የመኪናዋ ዓመት ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ሥራውን ለፍርድ፣ ለጦር፣ ለገንዘብ፣ ለእርሻ ብለው ከፋፈሉት። በቀጣዩ ዓመት በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሁሉን በራሳቸው እጅ ይዘው የኖሩ ሰው መሪውን ለሌላ ማስያዝ ጀመሩ ማለት ነው። ለምን አሁን? ሰውነታቸው እየነገራቸው ነበር። ስትሮኩ ቀስ በቀስ እየደጋገመ ይመታቸው ጀምሮ ነበር። ወራሻቸው ይሆናሉ ተብለው ይታሰቡ የነበሩት ራስ መኰንን ደግሞ መጋቢት 1898 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አረፉ።

በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ብለው አሳወጁ። ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባዱ ስትሮክ መጣ። ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሌሊት ሳይቀር ተነሥተው ሥራ ያያሉ የተባለላቸው ሰው፣ ጠመንጃና ሰዓት ይፈቱ የነበሩት እጆች፣ አልጋ ላይ ቀሩ። አገሪቱ አራት ዓመት ያህል የሚነዳት አለ እየተባለ፣ ግን መሪውን ማን እንደያዘው በማይታወቅበት ሁኔታ ተጓዘች። እቴጌ ጣይቱ በአንድ በኩል፣ መኳንንቱ በሌላ በኩል ሳቡት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ። ሞታቸው እንኳ ወዲያው ለሕዝብ አልተነገረም። ዛሬ አዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አርፈዋል።

ይህን ክፍል ያነበብኩት ማታ ነበር። ወንድም ጋሼ ማዶ አልጋው ላይ ባናውን ለብሶ ተኝቷል። መጽሐፉን አጠፍኩትና ለብዙ ጊዜ አየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የምኒልክን የመጨረሻ ዓመታት የፖለቲካ ነገር አድርጌ ነበር የማነበው፤ ማን ማንን አሴረ፣ ማን ማንን ሾመ እያልኩ። አንድም ቀን አልጋው ላይ ስላለው ሰው አስቤ አላውቅም። ሁሉን እያወቀ፣ ሁሉን እየሰማ፣ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ ያቃተው ሰው። ስትሮክ ንጉሥና ሹፌር አይለይም። ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ምኒልክ በሚገባ ያስተማሩት ተተኪ ሳይኖር ነው የወደቁት። ወንድም ጋሼ ግን ለጊዜው እኔ አለሁት።

ጠዋት ላይ አንድ ነገር ጠየቅሁት። መኪናዋን ለምን እንዳልሸጣት፣ በዚህ ዕድሜዬ ለምን እንዳንገላታኝ። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝ፤ ንግግሩ እየተቆራረጠ ነው። እጁ ላይ ያለውን ሙያ ማንም ሳይወስደው ሰው ሲሞት ማየት እንደማይፈልግ ነገረኝ። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ እነሱ የሚነዱት ሁሉ አውቶማቲክ ነው። እኛም አገር ቢሆን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ የሚቀየር ማርሽ የለውም። ለወንድሜ ዓይነት ሰው ይህ ምናልባት በጎ ዜና ነው፤ ግራ እግር አይጠይቅምና። እንዲህ ስለው ሳቀ፤ ባትሪው መሐል ሜዳ ደርሶ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ የድሮ ነገር ይቅር የማልል ሰው አይደለሁም። ማርሽ ቢቀር አላለቅስም፤ ማኖቬላም ቀርቷል፤ ማንም አላለቀሰለትም። የማይቀረው መማር ነው። ምኒልክ ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ የኤሌክትሪኩን መኪና ኮፈን ከፍተው ሞተሩ የት አለ ብለው የሚጠይቁ የመጀመሪያው ሰው ይሆኑ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ ዕቃውን እንቀበላለን፤ ጥያቄውን ግን እንተወዋለን። ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ለልጅ የሚያስተምረው ማነው የሚለውን አንጠይቅም። ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ችግራችን ይኸው ነው።

ባለፈው ሰንበት ጓሳን ተሻግረን ወደ ግሼ ራቤል ሄድን። ዘመድ ጥየቃ ነበር። ጭላዳዎቹ መንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ ብርዱ እንደ ልማዱ ነው። ረጅሙ ዳገት ላይ ስንደርስ መኪናዋ መንገዳገድ ጀመረች። ወንድም ጋሼን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። እጁን ከጭኑ ላይ አነሣ፤ ሊመታኝ ነው። ከመድረሱ በፊት ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መለስኩት። ጥርሱ ሳይጮኽ ገባ፤ ሞተሩ ድምፁን አስተካከለ፤ መኪናዋም ዳገቱን ያዘችው።

እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ምንም አልተናገረም፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ አገሩን ማየት ጀመረ።